ጌም ማስተር ምንድን ነው?

አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ሁለት የሉዶ ዳይስና የቀዘቀዘ ሻይ አለ። ስክሪን የለም። አንዷ "በሩን ቀስ ብዬ እከፍታለሁ" ትላለች። ፊት ለፊቷ ያለው ሰው "በሩ ሲጥጥ ይላል፤ ውስጥ ሰው ሲያስል ይሰማሻል" ይላታል። ይህ ሁለተኛው ሰው ጌም ማስተር ይባላል።

ጨዋታው ሮልፕሌይንግ ጌም ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ ነጋዴ፣ ሌባ፣ ደብተራ፣ የፈለገውን። ያ ሰው ምን እንደሚልና ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው ተጫዋቹ ብቻ ነው። የተቀረው ዓለም፣ ዝናቡም፣ ሹሙም፣ የጎረቤት ውሻም ሳይቀር፣ የጌም ማስተሩ ድርሻ ነው። ውጤቱ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ጌም ማስተሩ ታሪክ ጽፎ የሚመጣ፣ ሌሎቹ የሚተውኑለት ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳጫውት 12 ገጽ ጽፌ ሄድኩ። ገዳም ነበረበት፣ የጠፋ ብራና ነበረበት፣ መጨረሻው ላይ የሚያስለቅስ ኑዛዜ ሁሉ ነበረበት። ተጫዋቾቼ ግን መንገድ ላይ ያገኙትን አንድ አህያ ነጂ ወደዱት። ተከትለውት ገበያ ወረዱ፤ ገዳሙን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ያን ምሽት ተናድጄ ነው ቤቴ የገባሁት።

በኋላ ሳነብ ግን ጨዋታው ራሱ ከእንዲህ ዓይነት ብስጭት እንደተወለደ ደረስኩበት። እ.ኤ.አ. በ1969 ዴቪድ ዌስሊ የተባለ የአሜሪካ፣ የሚኒሶታ ሰው ጓደኞቹን ጠረጴዛ ላይ ለሚካሄድ የጦር ጨዋታ ጠራ። ዘመኑ የናፖሊዮን፣ ቦታው ብራውንስታይን የምትባል የፈጠራ ከተማ። እስከዚያ ድረስ ተጫዋች ማለት ጦር አዛዥ ማለት ነበር። ዌስሊ ግን ለአንዱ ከንቲባነት፣ ለሌላው ባለባንክነት፣ ለሌላው የዩኒቨርሲቲ ኃላፊነት ሰጠ። ሰዎቹ ጦርነቱን ረሱት። ጥግ ጥግ ይዘው መዶለት ጀመሩ። በሕጉ ውስጥ የሌለ ጥያቄ ያዘንቡበት ጀመር፤ እሱም መልሱን እዚያው ከኪሱ እያወጣ አመሸ። ሁሉ ነገር የተበላሸበት መስሎት ነበር። ጓደኞቹ ግን ይደገምልን አሉ። ከእነሱ አንዱ ዴቭ አርነሰን ነው። ሐሳቡን ብላክሙር ወደሚባል የራሱ ምናባዊ ዓለም ወሰደው። ጋሪ ጋይጋክስ ከሚባል ሌላ ጨዋታ ፈጣሪ ጋር ሆነውም በ1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን ሮልፕሌይንግ ጌም ለገበያ አወጡ።

ዳኛ ያለው ጨዋታ እንኳ ከዚያ በጣም ይቀድማል። ፕሩሲያ የምትባለው የቀድሞ የጀርመን መንግሥት ጦር ከ1824 ጀምሮ መኮንኖቹን በካርታ ላይ ሲያጫውት የሚዳኝ ሰው ነበረው። በ1876 ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የሚባል መኮንን ሕጉ በዝቶ ጨዋታው ተንቀራፈፈ አለና አብዛኛው ነገር ለዳኛው ማስተዋል ይተው የሚል ሐሳብ አቀረበ። የዛሬው ጌም ማስተር የዚያ ዳኛ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

እና ታሪኩ ካልተጻፈ ጌም ማስተሩ ምን ይዞ ይመጣል? ችግር ይዞ ይመጣል። መፍትሔውን አይዝም።

አዝማሪ ቤት አምሽቶ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ለመረዳት አይቸገርም። ታዳሚው "ተቀበል!" ብሎ ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው "ቆይ፣ እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው" አይልም። ይቀበላል፣ በማሲንቆው ያዜመዋል፣ የራሱንም ጣል ያደርግበታል። ጌም ማስተርም እንደዚሁ ነው። ስንኙ የሚመጣው ከጠረጴዛው ዙሪያ ነው።

አንድ ምሽት ተጫዋቾቼ ጨው ነጋዴዎች ነበሩ። አሞሌ ጭነው በጨለማ ኬላ ደረሱ። እኔ ያዘጋጀሁት ኬላውን፣ ጠባቂውንና የማይቀመስ ቀረጥ ብቻ ነው። እንዴት እንደሚያልፉ አላሰብኩም። አንዱ ተጫዋች ድንገት "ይሄ ጠባቂ እኮ የአጎቴ ልጅ ነው" አለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ እሱንም ጨምሮ።

"ልክ ነህ" አልኩት። "ግን አባቶቻችሁ በመሬት ተካሰዋል። አንተ ለማን መሰከርክ?"

ትንሽ አሰበ። "ለአባቴ። በሐሰት።"

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ለእኔ ጥሩ ጌም ማስተር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ባማረ ገለጻ ወይም በድምፅ ለውጥ ሳይሆን በሚጠይቀው ጥያቄ። እኔ ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ ብጽፍ "በሐሰት" የምትለዋን ቃል አላመጣትም ነበር።

በአማርኛ የሚያጫውት ሰው ደግሞ የተለየ ሀብት አለው። ኪት ጆንስተን የተባለው የቲያትር መምህር ሰዎች ሲነጋገሩ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ የሚልበትን ጨዋታ አጥብቆ ያስተምር ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን በድምፅና በትከሻ ማሳየት አለበት። የኛን ግን ግሡ ራሱ ይሸከምልናል። ጠባቂው "ከየት እየመጡ ነው?" ብሎ ጀምሮ መሃል ላይ "ጭነትህን አውርድ" ካለ ነገር እንደተበላሸ ማንም ማብራራት አያስፈልገውም። ስምም እንዲሁ ነው። ሺበሺ የሚባል ሰውና ናቲ የሚባል ሰው በአንድ ዕድሜ አይታሰቡም። "ስሙ ማን ነው?" ተብሎ ያፈጠጠ ጌም ማስተር ደግሞ አለቀለት፤ ሰውዬው የውሸት መሆኑ ይነቃበታል። ስለዚህ ሁልጊዜ 10 ስም ወረቀት ጥግ ላይ ጽፌ ነው የምቀርበው። ከዝግጅቴ ሁሉ አንድም ቀን ሳይጠቅመኝ ቀርቶ የማያውቀው እሱ ነው።

ሁሉም ነገር ግን "እሺ" አይደለም። ተጫዋቹ "የአጎቴ ልጅ ስለሆነ ያሳልፈናል" ቢል ኖሮ አልቀበለውም ነበር። ዝምድናው የእሱ ስጦታ ነው፤ ማለፉ ግን ያጠራጥራል፣ ስለዚህ ወደ ዳይስ ይሄዳል። እኔ የምወደው ሜጌና ቪንሰንት ቤከር በ2010 ባወጡት አፖካሊፕስ ወርልድ በሚባል ሮልፕሌይንግ ጌም የተለመደውን መንገድ ነው። ከሉዶ የምናውቃቸው ሁለት ዳይሶች ይጣላሉ፤ እንደ ገጸ ባሕርይው ችሎታ ጥቂት ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ይሳካል። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይሳካል፣ ግን ያስከፍላል። 6ና ከዚያ በታች ከሆነ ጌም ማስተሩ ነገሩን ያወሳስበዋል። ምንም ሳይጨመር ከ36ቱ አወዳደቆች 6ቱ ብቻ ናቸው ንጹሕ ድል የሚሰጡት። "ግን ያስከፍላል" የሚለው 15 ነው። ጨዋታውን የሚገፋውም ይኸው መሃለኛው ነው።

ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ግን መነጋገር ያሻል። ማን ምን አይወድም? አንዳንዱ የሕፃን ሞት፣ አንዳንዱ የእስር ቤት ነገር በጨዋታም ቢሆን አይሆንለትም። ብዙ ቦታ ኤክስ የተጻፈበት ካርድ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ማንም ከነካው ያ ነገር ይታለፋል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

ወደ ኬላው ስንመለስ፣ ዳይሱ 8 አለ። ጠባቂው ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ፊቱን አየው። "እለፍ" አለው። "ጨውህን ይዘህ እለፍ። ሰኞ ግን ችሎት መጥተህ ቃልህን ታነሳለህ።"

እስከ እኩለ ሌሊት የተጫወትነው ያንን ችሎት ነው። አሞሌው የት እንደደረሰ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።