«ባሕር ሳይኖረን?» እና ስለ ውቅያኖስ ኬሚስትሪ ትምህርት የሚነገሩ ሌሎች ስሕተቶች

የውቅያኖስ ኬሚስትሪን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ዲግሪ ደረጃ መማር የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው «ባሕር ሳይኖረን?» የሚል ጥያቄ ነው። ከዘመድ ስሰማው ፈገግ ብዬ አልፈዋለሁ፤ የኬሚስትሪ መምህር ሲደግመው ግን ትዕግሥቴ ያልቃል፤ ተማሪው ማመልከቻውን ሳይጀምር የሚተወው የመምህሩን ቃል አምኖ ነውና።

ወደ ባሕር ከሚገባው ንጥረ ምግብ ብዙው መነሻው የብስ ነው። ለዚህ ዓባይን ማንሣት ይበቃል። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1964 ውኃ መያዝ እስኪጀምር ድረስ፣ በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ ፎስፌትና ሲሊካ ተሸክሞ ሜዲትራኒያን ይገባ ነበር፤ ከደልታው ፊት ለፊት ጥቃቅን የባሕር ዕፅዋት ይበዛሉ፣ ሰርዲንም እነርሱን ተከትሎ ይመጣል። ጎርፉ በቀረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የግብፅ የሰርዲን ምርት አሽቆለቆለ። ኋላ ላይ ዓሣው ሲያንሰራራ ደግሞ የዓባይን ንጥረ ምግብ የተካው የእርሻ ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። የጎጃም ጎርፍ የደልታውን ዓሣ አጥማጅ ይመግብ ከነበረ፣ ጥናቱ እኛን የማይመለከተን በምን ምክንያት ነው?

ደግሞስ ስዊዘርላንድ ባሕር አላት? በዙሪክ የሚገኘው ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ግን ውቅያኖስ የሚወስደውን ካርቦን የሚያጠኑ ባለሙያዎች አሉት። ዛሬም በምርምር መርከቦች ላይ ኦክስጅን የሚለካበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1888 ያሳተመው ሀንጋሪያዊው ላዮሽ ዊንክለር የሠራው ከባሕር ርቃ በምትገኘው ቡዳፔስት ነው።

አንድ የማውቀው ተማሪ ለመጀመሪያ ዲግሪው የአብያታ ሐይቅን አልካሊኒቲ፣ ማለትም ውኃው አሲድን የማርገብ አቅሙን፣ ለክቶ ነበር፤ «የሐይቅ ሥራ ነው» ብሎ ከማመልከቻው አወጣው። መልሶ በመጀመሪያው አንቀጽ እንዲያስገባው አስገደድሁት። የስምጥ ሸለቆ ሶዳ ሐይቆች አልካሊኒቲ ከባሕር ውኃ እጅግ ቢበልጥም፣ ናሙናው አሲድ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረበት የሚለካውና ስሌቱ የሚቆመው ለባሕር ውኃም በሚያገለግለው በዚያው በካርቦኔት ኬሚስትሪ ላይ ነው። አማካሪው በቃለ መጠይቁ የጠየቀውም ስለዚሁ ብቻ ነበር።

«የባሕር ሥነ ሕይወት መማር ግድ ነው።» አይደለም፤ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ጂኦሎጂ ወይም ሒሳብ የተማረ ይገባል፣ ካልኩለሱን ካልረሳ።

«ዋና የማይችል አይሞክረው።» በዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

«ውቅያኖስ አሲድ ሆኗል።» ይህ በማመልከቻ ደብዳቤዎች ላይ ሳይቀር ይጻፋል። የውቅያኖስ የላይኛው ውኃ ፒኤች (ዝቅ ሲል አሲድነት መጨመሩን የሚያሳይ መለኪያ) ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ ከ8.2 ገደማ ወደ 8.1 ገደማ ወርዷል፤ ይህም ከ7 በላይ ስለሆነ ውኃው አሁንም ቤዝ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ነው። ሆኖም መለኪያው ሎጋሪዝም ስለሆነ ያች ትንሽ ልዩነት የሃይድሮጅን አዮን መጠን ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ መጨመሩን ታሳያለች፤ ዛጎል ሠሪ ፍጥረታት የሚፈልጉት የካርቦኔት አዮንም ይመናመናል።

«ሥራው ጨው መለካት ነው።» ዋና ዋናዎቹ የባሕር ጨዎች እርስ በርስ ያላቸው ምጣኔ ከቦታ ቦታ ብዙም እንደማይለዋወጥ ኬሚስቱ ዊልያም ዲትማር ውቅያኖሶችን ዞራ ካጠናችው ከቻሌንጀር መርከብ በመጡ 77 ናሙናዎች እ.ኤ.አ. በ1884 አሳይቷል። የዛሬው ጣጣ በሊትር ከአንድ ናኖሞል (የሞል ቢሊዮንኛ) በታች የሚገኘውን ብረት ከብረት በተሠራ መርከብ ላይ ሳይበክሉ መቅዳት ነው። መርከብ ላይ የሚያልፈው ጊዜ ግን ጥቂት ነው፤ ቀሪው ቤተ ሙከራና ኮምፒዩተር ነው። በዚያች ጥቂት ጊዜም ቅደም ተከተል ይጠበቃል፦ ውኃ መቅጃው ከጥልቁ እንደወጣ ቀድሞ የሚቀዳው እንደ ኦክስጅን ያለው የጋዝ ናሙና ነው፤ ቱቦው እስከ ጠርሙሱ ወለል ገብቶ፣ አንዲት አረፋ ሳትገባ። የጨዋማነቱ ናሙና መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

«ለሀብታም ልጅ ነው።» በአሜሪካ በዚህ መስክ የዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት አበል ይከፈለዋል፤ በብዙ ቦታም ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ማመልከት ይቻላል። በአውሮፓ ግን በአብዛኛው ማስተርስ ይጠየቃል። የብዙዎቹ የአሜሪካ ማመልከቻ በታኅሣሥ አካባቢ ስለሚዘጋ ለአማካሪው በመስከረም ወይም በጥቅምት መጻፍ ይገባል፤ የማመልከቻ ክፍያው እንዲነሣ መጠየቅም ነውር የለውም። ደብዳቤው «ከልጅነቴ ጀምሮ ባሕር እወዳለሁ» ብሎ መጀመሩን ይተውና ምን እንደለካችሁ፣ በምን መሣሪያ እንደለካችሁና የልኬቱ ስሕተት ስንት እንደነበረ ይናገር።