የጊቤ ግድቦች፦ ውሃው መቼ ይያዛል፣ መቼ ይለቀቃል?

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሄደ ሰው አሰንዳቦን አልፎ ወደ ሰኮሩ ሲጠጋ የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ የፈጠረውን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ያውቀዋል። በመስከረም ሞልቶ ዳር እስከ ዳር ተኝቷል። በግንቦት ስታልፉ ግን ሌላ ቦታ ይመስላል፦ ውሃው ሸሽቷል፣ ጭቃው ተሰነጣጥቋል፣ ከብት በአዲሱ ሣር ላይ ይግጣል። ያኔ ከተሳፋሪው አንዱ «ውሃው አለቀ» ማለቱ አይቀርም። አላለቀም። ሲወርድ የከረመው ታስቦበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጅማ ዝናብ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ መብራት ግን ዓመቱን ሙሉ ይፈለጋል። ስለዚህ ግድቡን የሚያስተዳድሩት የክረምቱን ውሃ ይዘው በጋውን በሙሉ በቁጠባ ይለቁታል። ክረምት ሲገባ ሐይቁ ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል፣ ክረምት ሲወጣ ደግሞ መሙላት አለበት። ቶሎ ከሞላ የነሐሴ ጎርፍ ማረፊያ ያጣና በማስተንፈሻው (በትርፍ ውሃ መውጫው) በኩል ምንም መብራት ሳያመነጭ ይሄዳል። ባዶ ቦታ ይኑር ብለው አብዝተው ከለቀቁና ዝናቡ ከቀረ ደግሞ በሚያዝያ ተርባይን የሚያዞር ውሃ አይገኝም። ከባዱ ውሳኔ እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የመጪውን ዝናብ ቀድሞ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም።

ጊቤ ላይ ይህ ውሳኔ የአንድ ግድብ ብቻ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ከእሱ የወጣው ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ተራራ ሰንጥቆ ወደ ጊቤ ሁለት ይወርዳል፣ እዚያም 420 ሜጋ ዋት ይሰጣል። ጊቤ ሁለት የራሱ ትልቅ ሐይቅ የለውም፤ ላይኛው ሲለቅ ይሠራል፣ ላይኛው ሲይዝ ይቀንሳል። በጥር 2002 ተመርቆ በቀናት ውስጥ ዋሻው ሲደረመስ ሥራው ለወራት መቆሙ አይረሳም። ውሃው ከዚያ ወጥቶ ከዋናው የጊቤ ወንዝ ጋር ወደ ኦሞ ወንዝ ያመራና ጊቤ ሦስት ላይ ያርፋል፦ 243 ሜትር ከፍታ፣ 1,870 ሜጋ ዋት፣ 14 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚያልፍ ሐይቅ። የሰኮሩ ዝናብ ሦስት ጊዜ ሠርቶ ነው ቁልቁል የሚሄደው።

እኛ ከላይ ሆነን የምንረሳው የታችኛውን ሰው ነው። የኦሞ ሙላት በወንዙ ታችኛው ዳርቻ ለሚኖሩት ለዳሰነች፣ ለካሮና ለሙርሲ ሕዝቦች እርሻቸው ነበር። ወንዙ ይወጣል፣ ደለል ይጥላል፣ ሲሸሽ ማሽላ ይዘራሉ። ያው ሙላት ግን ይገድላል፦ በነሐሴ 1998 በዳሰነች ከ360 በላይ ሰው ወስዷል። ጊቤ ሦስት በ2007 ውሃ መያዝ ሲጀምር ሁለቱም ተቀየሩ። ወንዙ ከድሮው ይልቅ ክረምት ላይ ዝቅ፣ በጋ ላይ ከፍ ይላል። ለውሃ ሸሽ እርሻው ሲባል በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚለቀቅ ቃል ተገብቶ ነበር፣ የድሮው ሙላት ግን አልተመለሰም። ይህ ቃል ከሜጋ ዋቱ እኩል ሊቆጠር ይገባል ብዬ አምናለሁ። የቱርካና ሐይቅም ውሃውን 90 በመቶ ያህል የሚያገኘው ከኦሞ ነው፣ ስለዚህ ጉዳዩ ኬንያ ድረስ ይዘልቃል።

እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥም የሐይቁ መውጣትና መውረድ ጣጣ አለው። ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ ትናንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ። የከብት ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ ሳይቀር ውሃ ይቋጥራል፣ የወባ ትንኝም ይራባበታል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሐይቁ ቅርብ የሆኑ ልጆች በወባ ይበልጥ እንደሚያዙ በጥናት አሳይተዋል።

ከዚያ ደግሞ ደለሉ አለ። በነሐሴ አሰንዳቦ ድልድይ ላይ ቆማችሁ የግልገል ጊቤን ወንዝ እዩት፣ ቀይ ነው። ያ ከማሳችን ታጥቦ የመጣ አፈር ነው። ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ይረጋና ይተኛል። ውሃ ሊይዝ የሚገባውን ቦታ አፈር ይይዘዋል፣ እሱን ደግሞ እንደ ውሃው በር ከፍቶ መልቀቅ አይቻልም።