ትልልቅ ዱባ ማብቀልና መጠኑን መከታተል በሰሜን ሸዋ

ዱባ በሰሜን ሸዋ የጓሮ ተክል ነው። እንደ ጤፍና ስንዴ ማሳ አይታረስለትም። ከቤት ጀርባ፣ ከበረቱ አጠገብ፣ ፍግና አመድ የሚደፋበት ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ፍሬ ጣል ይደረጋል። ሐረጉ አጥሩን ተከትሎ ይሄዳል፤ ሲመቸው ጣሪያ ላይ ይወጣል። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በኦሮሚያም አለ፤ እዚህ የሚወራው ግን ደብረ ብርሃንን ዋና ከተማው ስላደረገው የአማራ ክልል ዞን ነው።

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው ተረት ጓሮ ውስጥ ቆሞ ካየ ሰው የወጣ ነው። የቅል አበባ ነጭ ነው፤ የሚፈካውም ሲመሽ ነው። የዱባ አበባ ቢጫ ነው፤ ማለዳ ፈክቶ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይጨመደዳል። ቅል የአፍሪካ ልጅ ሲሆን ዱባ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። የዱባ ዝርያ ብዙ ነው፤ የዓለም ግዙፎቹ ግን ሁሉም ኩኩርቢታ ማክሲማ ከሚባለው ወገን ናቸው። ገበያ ላይ ለመለየት እጀታውን ማየት ነው። የማክሲማ እጀታ ድቡልቡልና እንደ ቡሽ ለስለስ ያለ ነው። እጀታው ጠንካራና ባለ ማዕዘን ከሆነ ሌላ ዝርያ ነው።

አየሩ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዱባ ውርጭ አይችልም፤ ከጥቅምት ጀምሮ የሚወርደው ውርጭ ቅጠሉን በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ነገሩ ይገለበጣል። የይፋት ሰው «ዱባ የቆላ ነው» ይላል፤ እዚያ ቶሎ እንደሚደርስ አይካድም። ነገር ግን ሙቀት ሲበዛ የያዘው ፍሬ ይጨነግፋል። ለትልቅነት ቀኑ ሞቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ የሚልበት ወይናደጋ ይሻላል። ስለዚህ የአንኮበርና የደብረ ሲና ተዳፋት ጓሮዎች ይበልጣሉ ብዬ አምናለሁ።

አስተዳደጉ

ሴቴዋ አበባ ከሥሯ ሚጢጢ ዱባ ይዛ ትወጣለች። ወንዴው ቀጭን አገዳ ብቻ ነው ያለው። በክረምት ዝናብ ንብ እንደልቧ ስለማትወጣ ሴቴዋ ሳትዳቀል ትረግፋለች። መፍትሔው ቀላል ነው። ማለዳ ወንዴውን ቀጥፎ፣ ቢጫውን ልባስ ገንጥሎ፣ ዱቄቱን ሴቴዋ መሃል ቀስ አድርጎ ማሸት ነው።

ትልቅ የሚፈልግ ሰው አንድ ሐረግ ላይ አንድ ፍሬ ብቻ ያስቀራል። ሌላውን ገና በለጋነቱ ይቆርጣል፤ እጅ ግን እንቢ ይላል። ሐረጉ በየአንጓው አፈር ሲለብስ ተጨማሪ ሥር ይሰዳል። ከዱባው ሥር ጭድ ይነጠፋል፤ እርጥብ አፈር ላይ የተቀመጠ ይበሰብሳል። ማታ ደግሞ ጃርት አለ። «ጃርት የበላው ዱባ» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

አለካኩ

በማደግ ላይ ያለ ዱባ ሚዛን ላይ አይወጣም፤ ከተነሳ እጀታው ይሰበራል። አክስቴ በክር ትለካው ነበር። ዙሪያውን በክር ትዞርና የደረሰበት ላይ ትቋጥራለች። በሳምንቱ ያንኑ ክር ትመልሳለች። ክሩ አልገጥም ሲል በቋጠሮውና በአዲሱ ጫፍ መካከል ያለውን በጣቷ ለክታ «አራት ጣት ሄደ» ትላለች። አራት ጣት መሄዱ ካቆመ ዱባው እድገቱን ጨርሷል ማለት ነው።

የዓለም አብቃዮችም ሥራቸው ይኸው ነው፤ እነሱ ሦስት ልክ ይወስዳሉ። አንደኛው ዙሪያው ነው። ሁለተኛው በእጀታው በኩል ከመሬት ተነስቶ፣ በአናቱ አልፎ፣ ማዶ መሬት እስኪነካ ያለው ነው። ሦስተኛው በአናቱ ላይ ከጎን ወደ ጎን የሚሄደው ነው። ሦስቱን ደምረው ከሰንጠረዥ ክብደቱን ይገምታሉ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ቅርጹ ሳይለወጥ ልኩ 2 እጥፍ ከሆነ ክብደቱ ወደ 8 እጥፍ ይጠጋል። ግምቱ ግን ይስታል፤ ሥጋው ስስ የሆነ ዱባ ከሚመስለው ይቀላል።

የክብደት ታሪክ

የካናዳው ዊሊያም ዋርኖክ እ.ኤ.አ. በ1900 ፓሪስ ላይ 181 ኪሎ የሚመዝን ዱባ አቀረበ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሴንት ሉዊስ ላይ ወደ 183 ኪሎ አደረሰው፤ ይህን እስከ 1976 የበለጠው አልነበረም። ከዚያ ሌላው ካናዳዊ ሃዋርድ ዲል መጣ። ዓመት በዓመት የትልቁን ዘር እየመረጠ አትላንቲክ ጃይንት የተባለውን ዝርያ አወጣ፤ በ1981 224 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ዱባ መዘነ። የዛሬዎቹ የውድድር ዱባዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚያ ዘር የወረዱ ናቸው። በ1996 481 ኪሎ፣ በ2012 911 ኪሎ ተመዘገበ። በ2014 የስዊዘርላንዱ ቤኒ ማየር 1,054 ኪሎ አመጣ። በ2016 ቤልጂየም 1,190፣ በ2021 ጣሊያን 1,226፣ በ2023 አሜሪካ 1,247 ኪሎ ደረሰ። በ2025 የእንግሊዝ መንትዮች ኢያንና ስቱዋርት ፓተን 1,278.8 ኪሎ መዘኑ። እነዚህ ግዙፎች በደህናው ጊዜያቸው በቀን 20 ኪሎ ገደማ ይጨምራሉ።

ይህን ሁሉ ያመጣው መመዝገብ ነው። ዘሩ የሚጠራው በወላጁ ዱባ ክብደት፣ በአብቃዩ ስምና በዓመቱ ነው፤ ስለዚህ የትኛው ዘር ከየት እንደመጣ ይታወቃል። የእኛ ጓሮ ዘርም እንዲሁ ቢጻፍለት አያንስም።

ከጓሮ ወደ ቤት

ዱባው የሚደርሰው ከመስከረም ወዲህ ስለሆነ ከጽጌ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ዱባ ወጡ የሚሠራውም ያኔ ነው። ትልቁ በአንድ ቤት አያልቅም፤ ገበያ ላይ እየተቆረጠ ይሸጣል፣ ለጎረቤትም ይዳረሳል። በጣም ግዙፉ ውሃው ይበዛል፤ እንደ ትንሹ አይጣፍጥም። ፍሬው ታጥቦ ይደርቅና ይቆላል፤ ለኮሶ ትልም ይበላል። ለዘር የሚሆነው ፍሬ ግን ጥላ ላይ ይደርቃል። ሲጨበጥ ሞላ ያለው ይመረጥና በጨርቅ ተቋጥሮ ጭስ የማያጣው ቦታ ይንጠለጠላል።