መጁን አትውሰድ፦ ስለ ብድር፣ ስለ ወለድና ስለ ድሃ ቤት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ኦሪት ዘዳግም 24፥6 ወፍጮን ወይም መጁን በመያዣ መውሰድ ነፍስን በመያዣ መውሰድ ነው ይላል። መጅ ከላይ ሆኖ እህሉን የሚፈጨው ትንሹ ድንጋይ ነው። አበዳሪ ከባዱን የታች ድንጋይ መሸከም አያስፈልገውም። መጁን ብቻ ይዞ ከወጣ እህል ያለበት ቤት ጦሙን ያድራል፤ ጦሙን ያደረ ሰው ደግሞ ሠርቶ ዕዳ አይከፍልም። ሕጉ ለተበዳሪው ይራራል፤ ከዚያም በላይ ዕዳው የሚከፈልበትን መንገድ ይጠብቃል።

ኑሮው ዝቅ ያለ ቤተሰብ ለምን እንደሚበደር በቅድሚያ እንረዳ። ብዙዎቻችን “ገቢው ስለሚያንስ ነው” ብለን እናልፋለን። ማነሱ እውነት ነው፤ ግን ገቢው ቀን አይጠብቅም። አንድ ሳምንት ይመጣል፣ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ሆድ በየቀኑ ይጠይቃል፣ የቤት ኪራይ ወር ይቆጥራል፣ ሕመም ቀጠሮ አይሰጥም። ብድር ይህን ክፍተት ይሸፍናል። ስለዚህ የተበደረውን ድሃ ሁሉ አባካኝ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሆኖም ብድር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሥራ የሚሠራ ዕቃ የተገዛበት ብድር፣ ሥራው ከሄደ፣ ራሱን ይከፍላል። ለምግብና ለሕክምና የተወሰደው ግን ምንም አያመርትም፤ የሚከፈለው ከነገው ምግብ ተቀንሶ ነው። ኃጢአት የለበትም፤ ነገር ግን መጠኑ ትንሽ፣ ጊዜውም አጭር ይሁን። ለይሉኝታና ለድግስ የሚወሰደውን ብድር ተዉት።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። አንዲት እናት 12,000 ለ12 ወር ልትበደር ነው እንበል። ሁለት አበዳሪዎች ሁለቱም “ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ነው” አሏት። አንደኛው ወለዱን እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ያሰላል፦ 2,880 ወለድ፣ በየወሩ 1,240። ሁለተኛው የሚያሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ነው፦ በየወሩ 1,135 ገደማ፣ ጠቅላላ ወለዱም 1,616 አካባቢ። በመቶኛው አንድ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው ከ1,200 በላይ ይበልጣል። ምክንያቱን ለማየት አሥራ ሁለተኛውን ወር ተመልከቱ። ከዋናው በእጇ የቀረው 1,000 ብቻ ነው፤ እርሷ ግን ዛሬም ሙሉ 12,000 እንደያዘች ተቆጥሮ 240 ወለድ ትከፍላለች። በእጇ በነበረው ገንዘብ ልክ ሲሰላ የመጀመሪያው አበዳሪ ወለድ በዓመት 42 በመቶ ገደማ ይሆናል።

በዚያ ላይ ተቀናሽ አለ። ለአገልግሎት 2 በመቶ፣ ለግዴታ ቁጠባ 10 በመቶ ከፊት ቢቆረጥ 240 እና 1,200 ወጥቶ በእጇ የሚገባው 10,560 ነው። ወለዱ ግን አሁንም በ12,000 ላይ ይታሰባል። ቁጠባው በመጨረሻ ይመለስላት ይሆናል፤ ዓመቱን ሙሉ ግን የራሷን ገንዘብ መልሳ በወለድ እንደተበደረች ቁጠሩት።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት መቶኛውን ተዉትና እነዚህን ጠይቁ፦ ዛሬ በእጄ የሚገባው ስንት ነው? በየስንት ጊዜው፣ ስንት ጊዜ፣ ስንት እከፍላለሁ? ቀን ባሳልፍ ቅጣቱ ምንድን ነው? ቀድሜ ከፍዬ ብጨርስ ወለዱ ይቀንስልኛል? ከዚያ የአንዱን ክፍያ መጠን በክፍያዎቹ ብዛት አባዙ፤ በእጅ የገባውን ቀንሱ። የብድሩ ዋጋ ይህ ነው። ተቀማጭ ተደርጎ የሚመለስ ቁጠባ ካለ እርሱን ደግሞ አንሱለት። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በጠጠር ቆጥሮ ይደርስበታል።

ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንደሚቆጥር ተናግሯል (ሉቃስ 14፥28)። ለተበዳሪ ይህ ማለት በደካማው ወር መለካት ነው። ያለፉትን ስድስት ወራት ገቢ ጻፉ፤ ዝቅተኛውን ውሰዱ፤ ምግብና ኪራይ ቀንሱ። ከሚተርፈው ግማሹን ያህል ለክፍያ ብትመድቡ ይበቃል፤ ሌላው ግማሽ ለሕመምና ላልታሰበ ይቀመጥ። በደካማ ወሯ 900 የሚተርፋት እናት 1,240 የሚከፈልበትን ውል ብትፈርም፣ በደህናው ወር ትከፍላለች፣ በክፉው ወር ትወድቃለች። የክፍያው ቀንም ከገቢው ቀን ጋር ይግጠም። ሰብሏ በአምስተኛው ወር ለሚደርስ ገበሬ ክፍያው በሁለተኛው ሳምንት ከጀመረ፣ የምትመልሰው ከተበደረችው ላይ እየቆነጠረች ነው፤ ለዘርና ለማዳበሪያ የታሰበው ያልቃል።

ከሁሉ የሚከፋው ትንሽ የሚመስለው የሳምንት ብድር ነው። አምስት ወስዶ በሳምንቱ ስድስት መመለስ ቀላል ይመስላል። ዋናውን ማግኘት ያልቻለ ሰው ግን አንዷን ብቻ ከፍሎ ለቀጣዩ ሳምንት ያሸጋግራል። በአምስት ሳምንት አምስት ከፍሏል፤ አሁንም አምስት አለበት። በዓመት 52 ይከፍላል፤ አምስቱ እዚያው ናት።

ዋስ መሆንንም መጽሐፍ በብርቱ ያስጠነቅቃል። ምሳሌ 22፥27 የምትከፍለው ባጣህ ጊዜ ምንጣፍህን ከበታችህ ለምን ይወስዳል? ብሎ ይጠይቃል። አምስት ሰዎች በቡድን ዋስትና ቢበደሩና አንዷ 1,240 መክፈል ቢያቅታት፣ አራቱ በነፍስ ወከፍ 310 ይጨምራሉ፤ የእነርሱም ክፍያ ለአቅማቸው ልክ ብቻ ከሆነ ሁለተኛዋም ትወድቃለች። ፍቅር ዋስ ሁን ካላችሁ፣ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ራሳችሁ እንደምትከፍሉት አድርጋችሁ ቆጥራችሁ ግቡ።

ዕዳ እየከበደ መሆኑ የሚታወቀው አንዱን ለመክፈል ሌላ ብድር የተወሰደ ቀን ነው። ያን ጊዜ መደበቅ ዕዳውን ያሳድጋል። ምሳሌ 6፥3-4 ዋስ የሆነውን ሰው ሂድ፣ ራስህን አዋርደህ ለምን፣ ለዓይንህ እንቅልፍ አትስጥ ይላል። የመክፈያው ቀን ሳያልፍ ሂዱ፤ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ያዙ። በብዙ ውል ዘግይቶ የሚገባ ገንዘብ አስቀድሞ ለቅጣት፣ ከዚያ ለወለድ፣ በመጨረሻ ለዋናው ይውላል። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እየከፈሉ ዋናው ንቅንቅ የማይልበት ጊዜ አለ። ጊዜ ሲራዘም ደግሞ የወሩ ክፍያ ቢቀንስም ጠቅላላ ወለዱ ይጨምራል፤ ይህን አውቃችሁ ተስማሙ።

ለምናበድረውም ቃሉ ብርቱ ነው። በነህምያ ምዕራፍ 5 ሕዝቡ በራብ ዘመን እርሻውንና ቤቱን አስይዞ፣ ልጆቹን ለባርነት እየሰጠ ጮኸ። ነህምያ መኳንንቱን ሲገሥጽ እርሱና ወንድሞቹም ገንዘብና እህል ማበደራቸውን አልሸሸገም (ቁ. 10)፤ ከመቶ አንዱንም መልሱ አላቸው። ብዙዎች ይህን የወር ወለድ አድርገው ይረዱታል፤ በዓመት 12 በመቶ መሆኑ ነው። ሠለስቱ ምእት በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ተሰብስበው በ17ኛው ቀኖና፣ አራጣ የሚበላ ካህን ከክህነቱ እንዲሻር ወሰኑ።

ከአራጣ መሸሽ ብቻውን ግን ለተቸገረው ቤት እህል አይሆንም። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን በክርስትና እምነቱ ተነሣሥቶ ድሆች ገበሬዎችን ከአራጣ ለማውጣት ሲሠራ መጀመሪያ የተማመነው በባለጠጎች ምጽዋት ነበር። ምጽዋቱ እንደማይዘልቅ ስላየ በ1864 በሄደስዶርፍ ገበሬዎቹ ራሳቸው አባል ሆነው እርስ በርስ የሚዋዋሱበትን የብድር ማኅበር አቆመ። የእነዚህ ማኅበራት ክልል ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ጠባብ ስፍራ ነበር፤ በዚህም የሚበደረው ምን እንደሚሠራና በእርግጥ ችግር ላይ መውደቁ ይታወቅ ነበር።

ማኅበረ ምእመናን እንዲህ ያለ መረዳጃ ሣጥን ቢያቋቁም፣ አስቀድሞ ስጦታውን ከብድሩ ይለይ። ገቢ ለማይታየው ሰው ማበደር ዕዳ መጨመር ነው፤ ለእርሱ ስጡት። ለብድር የተለየው ገንዘብ አንድ ሰው ሲወድቅ እንዳይናጋ፣ አንድ ተበዳሪ ከሣጥኑ ከአሥር አንድ እጅ በላይ አይውሰድ። ገንዘቡን የሚይዝና መዝገቡን የሚጽፍ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ በየወሩ ሦስተኛ ሰው ይቁጠረው። መያዣ ቢያስፈልግ እንኳ የልብስ ስፌት መኪናን፣ የሚያርስ በሬን፣ የዕለት እንጀራ የሚገኝበትን መሣሪያ አትያዙ። የዘገየችውን እናት ስም በጉባኤ መካከል አትጥሩ፤ ዘዳግም 24፥11 አበዳሪ በውጭ እንዲቆም አዝዟልና ሁለት ሽማግሌዎች ለብቻዋ ያናግሯት። አበዳሪ ሁለት ልጆቿን ሊወስድባት የመጣባትን መበለት ኤልሳዕ ምን ላድርግልሽ ካላት በኋላ የጠየቃት “በቤትሽ ምን አለ?” ብሎ ነው (2ኛ ነገሥት 4፥2)። ሽማግሌዎቹም ከዚያ ይጀምሩ፤ መቼ ትከፍያለሽ የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።