ናቹሮፓቲክ ሐኪም ማን ነው? ስለ ሥራው የሚነገሩ ስሕተቶችና እውነታው

«ያው እንደ አገራችን መድኃኒት ዐዋቂ ነው።» እናቴን ሲያትል ውስጥ ወደ አንዲት ናቹሮፓቲክ ሐኪም፣ ማለትም በምግብ፣ በዕፅዋትና በአኗኗር ለውጥ ላይ አተኩራ ወደምታክም ባለሙያ፣ ልወስዳት ስነሣ ጎረቤቶቻችን ያሉኝ ይህን ነበር። አይደለም። የእኛ መድኃኒት ዐዋቂ ቅጠሉንና ሥሩን ከአባቱ ወይም ከመምህሩ በምስጢር ይቀበላል። ሲያትል ባለችበት በዋሽንግተን ግዛት ናቹሮፓቲክ ሐኪም ለመባል ግን አራት ዓመት በሙያው ኮሌጅ መማር፣ ሁለት ክፍል ያለው ፈተና ማለፍና የግዛቱን የሥራ ፈቃድ መያዝ ግድ ነው። ፈቃዱን የያዘ ሰው የደም ምርመራ ያዝዛል፣ ቀላል ቁስል ይሰፋል፣ በማዘዣ ከሚሸጡት መድኃኒቶችም አብዛኞቹን ይጽፋል።

«ታዲያ ከሌላው ሐኪም በምን ይለያል?» የሚልም አለ። ይለያል፤ ይህን ሸፋፍኜ ማለፍ አልፈልግም። አሜሪካ ውስጥ አንድ የቤተሰብ ሐኪም ከሕክምና ትምህርቱ በኋላ ሦስት ዓመት በሬዚደንትነት፣ ማለትም በነባር ሐኪሞች ሥር በሽተኛ እያከመ፣ ይሠለጥናል፤ ናቹሮፓቲክ ሐኪም ግን በአብዛኞቹ ግዛቶች ይህ አይጠየቅም። በትምህርቱ ውስጥ የሚሰጠው ሆሚዮፓቲ፣ ማለትም እጅግ በቀጠነ መድኃኒት የማከም ዘዴም ቢሆን፣ መድኃኒት ከሌለበት የማስመሰያ ክኒን የተሻለ እንደሚሠራ በጥናት አልተረጋገጠም።

ፈቃዱ በመላው አሜሪካ የሚያሠራ የሚመስላቸውም ብዙ ናቸው። ናሽቪል የምትኖሩ ወገኖቼ ልብ በሉ፤ ግዛታችሁ ቴነሲ ሙያውን በሕግ ከልክላለች። ፈቃድ በማይሰጥባቸው አንዳንድ ግዛቶች ደግሞ በኢንተርኔት አጭር ትምህርት የወሰደ ሰው «ናቹሮፓት» ነኝ ሊል ይችላል።

«ካንሰርን ያለ ኬሞ ያድናል» የሚለው ወሬ ከሁሉ ይልቅ ያስቆጣኛል። የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ካንሰራቸው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሳይዛመት መደበኛውን ሕክምና ትተው በአማራጭ ሕክምና ብቻ የቆዩ 281 ሰዎች፣ የመሞት ዕድላቸው መደበኛውን ሕክምና ከወሰዱት 2.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። አጠራጣሪ እብጠት ያየ ናቹሮፓቲክ ሐኪም ግዴታው በሽተኛውን ሳይውል ሳያድር ወደ ካንሰር ሐኪም መላክ ነው።

«ተፈጥሯዊ ነገር አይጎዳም» የሚለውን እኔም አምን ነበር፤ ኮሶ ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ እየሰማሁ ያደግሁት ሰው! እናቴ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። ናቹሮፓቲክ ሐኪሟ ከአንድ ሰዓት በላይ አነጋገረቻት፤ ቤት ያለውንም ሁሉ ይዛ እንድትመጣ አስቀድማ ነግራት ስለነበር ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥነው። ክኒኖቹ፣ የነጭ ሽንኩርት እንክብል፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ በጨርቅ የተቋጠረ ፌጦ። እያንዳንዱን አንሥታ «በቀን ስንት?» አለች። ቀጥላም ስለ ምግብ ጠየቀች። እናቴ ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ በጎመን ነው የምታሳልፈው፤ ፋሲካ ሲገባ ዶሮና ሥጋ ይተካል። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ኃይል ያዳክማል፤ ድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ደሟ ከሚገባው በላይ ሊቀጥን ይችላል። ለካ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ድዷ የሚደማው በዚህ ኖሯል።

ሐኪሟ ጎመን አልከለከለቻትም፤ ክኒኑንም በራሷ ሥልጣን አልነካችም። ዋርፋሪኑን ላዘዘው ሐኪም ያገኘችውን ሁሉ ጽፋ ላከች፤ እናቴም በጾሙ መግቢያና መውጫ ደሟን እንድትመረመር ቀጠሮ ተያዘላት። በቀጣዩ ዓመት የዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ያንኑ ፌስታል ይዘን ተመለስን። እናቴ በአዝሙዱ ዘይት ጠርሙስ ላይ «በቀን አንድ ማንኪያ፣ ከጥር ጀምሮ» ብላ በገዛ እጇ ጽፋ ለጥፋበት ነበር።