የፎም ሞዴል አውሮፕላንን ማሻሻል

በሬዲዮ የሚመራ የፎም አውሮፕላን ከካርቶኑ ሲወጣ ለመብረር የቀረው ጥቂት ነው። ክንፉ ይገጠማል፣ ባትሪው ይገባል፣ መሪዎቹ (አውሮፕላኑን የሚያዞሩት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች) ይፈተሻሉ፣ ይነሳል። ማሻሻል የሚባለው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፦ ሞተሩን በጠንካራ መቀየር፣ ክንፉን ማጠንከር፣ ያልነበረ መሪ መጨመር፣ ካሜራ መጫን፣ ጎማውን ማንሳት። ፎም ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በቢላ ይቆረጣል፣ በሙጫ ይጣበቃል፣ ያለቦታው የተበሳ ቀዳዳ በቁራጭ ይደፈናል። ችግሩ ሌላ ነው፤ የአውሮፕላኑ ክብደት፣ ኃይልና ሚዛን አብረው የተሰሉ በመሆናቸው አንዱን የነካ ሌሎቹንም መንካቱ አይቀርም።

ፎም ሁሉ አንድ አይደለም። የዕቃ ማሸጊያ ሆኖ የምናውቀው ኢፒኤስ ቀላልና ደረቅ ነው፤ ሲመታ ይሰበራል፣ ቤንዚን፣ አሴቶንና ተራ ሱፐር ግሉ ደግሞ ያቀልጡታል። ኢፒፒ ተጣጥፎ ወደ ቅርጹ ይመለሳል፤ ተጋጭቶ መነሳት ላለበት አውሮፕላን እሱን የሚያህል የለም፣ ነገር ግን በራሱ ስለሚልፈሰፈስ የካርቦን ዘንግ ይፈልጋል። ኢፒኦ በሁለቱ መካከል ነው። ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጡት ብዙዎቹ ሞዴሎች ከዚህ የተሠሩ ናቸው፤ የጀርመኑ ሙልቲፕሌክስ የራሱን ዓይነት ኤላፖር ብሎ ይሸጠዋል። ኢፒኦ ተራ ሱፐር ግሉን ይችላል። የፎሙ ዓይነት ካልታወቀ ሙጫው መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ወይም በቁራጭ ላይ ይሞከራል። በሽጉጥ እየቀለጠ የሚወጣው ሙጫ ፈጣንና ምቹ ቢሆንም በጠራራ ፀሐይና በሞተር ሙቀት ስለሚለሰልስ፣ የሞተሩን መቀመጫ ለእሱ አደራ መስጠት ተገቢ አይመስለኝም። ለዚያ ኢፖክሲ፣ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቀው ጠንካራ ሙጫ፣ አለ። የኢፒኦ አፍንጫ ሲጨፈለቅ ደግሞ ሙጫ ከመፈለግ በፊት ሊፈላ የደረሰ ውኃ ቢፈስበት ይሻላል፤ የተጨመቁት እንክብሎች ዓይን እያየ ተነፍተው ጎድጓዳው ይሞላል።

ክንፍን ማጠንከር የተለመደ የመጀመሪያ እርምጃ ነው። በበረራ ላይ፣ በተለይም ከቁልቁለት ሲቃና፣ ክንፉ ወደ ላይ ይታጠፋል። በክንፉ ርዝመት ቦይ ተቀድዶ የካርቦን ቱቦ ሲቀበር መታጠፉ ይቀንሳል። ካርቦን ግን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ በመሆኑ የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሬዲዮን ይጋርዳል፤ የሪሲቨሩ (የሬዲዮውን ትእዛዝ የሚቀበለው መሣሪያ) አንቴና ከዘንጉ መራቅ አለበት። ሁለት አንቴና ያለው ከሆነ አንዱ ከሌላው ጋር 90 ዲግሪ ሠርቶ ይቀመጣል።

ብዙዎችን የሚስበው የኃይል ጭማሪ ነው፤ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለውም እዚሁ ላይ ነው። የብሩሽ አልባ ሞተር ኬቪ ማለት ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር የሚገልጽ ቁጥር ነው፦ ባለ 1000 ኬቪ ሞተር በ11.1 ቮልት 11,100 ዙር ይዞራል። አንድ ሰው ባለ 2 ሴሉን የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ በባለ 3 ሴል ቀይሮ ፕሮፔለሩን እንዳለ ተወው እንበል። ቮልቴጁ ከ7.4 ወደ 11.1 አደገ፤ ጭማሪው አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ነው። ፕሮፔለር የሚጠይቀው ኃይል ግን በዙሩ ኪዩብ ልክ ስለሚያድግ፣ ዙሩ እንደ ቮልቴጁ ቢጨምር ኃይሉ ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል። በተግባር ዙሩ ያን ያህል ባይጨምርም ሞተሩንና የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ለማጨስ በቂ ነው። መፍትሔው ትንሽ ፕሮፔለር መግጠምና በባትሪውና በመቆጣጠሪያው መካከል ዋት ሜትር (የኤሌክትሪክ ኃይል መለኪያ) አስገብቶ ለጥቂት ሴኮንዶች በሙሉ ኃይል መለካት ነው፤ አውሮፕላኑ በደንብ ታስሮ፣ ማንም ሰው በፕሮፔለሩ ዙሪያ ሳይቆም። መቆጣጠሪያው ከተለካው አምፔር ቢያንስ አንድ አምስተኛ ትርፍ ሊኖረው ይገባል። ለመዝናኛ በረራ በኪሎ ግራም 200 ዋት አካባቢ ያረካል፤ በፕሮፔለሩ ተንጠልጥሎ መቆም ለሚፈልግ እጥፉም አይበዛም።

ኃይል ሲጨምር አዲስ ጠባይ ይመጣል። ጋዝ ሲሰጥ አፍንጫው ወደ ሰማይ የሚቀና ከሆነ ከሞተሩ መቀመጫ ጀርባ ቀጭን ሮንዴላ (ዋሸር) ተደርጎ ግፊቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ ወደ ታች ይዞራል።

የጀማሪ አውሮፕላኖች ብዙ ጊዜ የሚታጠፉት በራደር፣ ማለትም በጅራቱ ቋሚ መሪ፣ ብቻ ነው፤ የክንፋቸው ጫፎችም ለዚሁ ወደ ላይ ቀና ብለዋል። ኤይለሮን፣ ማለትም አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብል የክንፍ መሪ፣ መጨመር በጣም የሚወደድ ማሻሻያ ነው። በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ቁራጩ ይሰመራል፣ በአዲስ ምላጭ ይቆረጣል፣ የቁራጩ የፊት ጠርዝ ከሥሩ በ45 ዲግሪ ተላግቶ ወደ ታች መውረጃ ቦታ ያገኛል። ከላይ በኩል የሚለጠፈው ጠንካራ ፕላስተር ማጠፊያ ይሆናል፤ ፎሙ አስቀድሞ በአልኮል ካልተወለወለ ግን ፕላስተሩ አይቆይም። 9 ግራም የሚመዝኑ ሁለት ሰርቮዎች (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱ ትናንሽ ሞተሮች) በክንፉ ውስጥ ይቀበራሉ። ኤይለሮን ወደ ላይ ከሚወጣው ያነሰ ወደ ታች እንዲወርድ ቢደረግ ጥሩ ነው፤ የወረደው የአየር ጎተታ ስለሚያበዛ አፍንጫውን ከመታጠፊያው በተቃራኒ ይስበዋል። የክንፉ ጫፎች ወደ ላይ ቀና ያሉበት መጠንም ዝቅ መደረግ አለበት፤ አለበለዚያ አውሮፕላኑ ራሱን እያቃና ከኤይለሮኑ ጋር ይታገላል።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ የስበት ማዕከሉ፣ አውሮፕላኑ ሚዛኑን የሚጠብቅበት ነጥብ፣ እንደገና ይፈለጋል። በቀጥተኛ ክንፍ ላይ ቦታው ከፊት ጠርዝ ጀምሮ ከክንፉ ወርድ ሩብ እስከ ሲሶ ነው። ጅራት እጅግ ውድ ቦታ ነው፦ ከሚዛኑ 60 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ የተጨመረ 10 ግራም፣ 15 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ላይ 40 ግራም ያስከፍላል፤ አውሮፕላኑ በ50 ግራም ከበደ ማለት ነው። ስለዚህ እርሳስ ከመለጠፍ በፊት ባትሪውን ወደ አፍንጫ ማስጠጋት ይሻላል። ጅራቱ የከበደ አውሮፕላን እንደ አበደ ነው፤ መሪውን በትንሹ ሲነኩት ይፈናጠራል፣ ፍጥነት አጥቶ ክንፉ መሸከም ካቃተውም አይመለስም።

ጠቅላላ ክብደትም የራሱ ሒሳብ አለው። አውሮፕላኑ በአየር ላይ ለመቆየት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ፍጥነት በክብደቱ ስኩዌር ሩት ልክ ያድጋል፤ 20 በመቶ የከበደ ሞዴል 10 በመቶ ያህል ፈጥኖ ማረፍ ይኖርበታል። በእጅ ተወርውሮ ለሚነሳ ይህ ጭማሪ ይታወቃል። ሕግም ክብደትን ይመለከታል፦ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ፣ በ2017 በፍርድ ቤት ውሳኔ ለጥቂት ወራት ከመቋረጡ በስተቀር፣ ለመዝናኛ የሚበሩትንም ከ250 ግራም በላይ ከሆኑ እንዲመዘገቡ ታስገድዳለች፤ ካሜራና ትልቅ ባትሪ የተጨመረበት ትንሽ ሞዴል ይህን መስመር ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል።

ለሙከራ በረራ ነፋስ የሌለበት ጠዋት ይመረጣል፤ የሪሲቨሩ ርቀትና የመሪዎቹ አቅጣጫ መሬት ላይ ይፈተሻሉ። የመጀመሪያው በረራ አጭር ይሁንና ወዲያው ሞተሩ፣ መቆጣጠሪያውና ባትሪው በእጅ ይዳሰሱ። ጣት የማያስቀምጥ ሙቀት ካለ ፕሮፔለሩ በአንድ መጠን ዝቅ ይደረጋል።