የድሮው ዊንዶውስ ዲፍራግ የማይደርስባቸው ቦታዎች

ዲፍራግ ማለት ሃርድ ዲስክ ላይ ተበታትኖ የተጻፈን ፋይል መልሶ በተርታ ማስቀመጥ ነው። ዲስኩ ውስጥ የምትንቀሳቀሰው ማንበቢያ አንድ ፋይል ለመክፈት መቶ ቦታ ከረገጠች፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ከአዘዞ ጎንደር ፒያሳ በኪሎ በኪሎ እንደማመላለስ ነው። ይደርሳል፣ ግን ይመሻል።

ማይክሮሶፍት ይህን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1993 ከኤምኤስ-ዶስ 6 ጋር አወጣው። የራሱ ሥራ አልነበረም፤ ከሲማንቴክ ፈቃድ ወስዶ ነው። ብዙዎቻችን ያወቅነው ግን በዊንዶውስ 95 እና 98 ነው። ባለቀለም ትንንሽ ካሬዎች ስክሪኑ ላይ ሲደረደሩ ማየት ያስደስት ነበር። ችግሩ፣ ሌላ ፕሮግራም ዲስኩ ላይ አንድ ነገር ከጻፈ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ስክሪን ሴቨር ብቅ ማለቱ ራሱ ሊበቃ ይችላል። ስለዚህ ሁሉን ዘግቶ፣ አንዳንዴም በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት ሁኔታ) ገብቶ፣ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ነው። መሀል ላይ መብራት ከሄደ (ጎንደር ላይ ይህ ብርቅ አይደለም) ዊንዶውስ 98 ሲነሳ መጀመሪያ የዲስክ ስህተት ፈታሹን ስካንዲስክን ያስኬዳል፤ ከዚያ ዲፍራጉ ሀ ብሎ ይጀመራል።

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ጭራሽ ዲፍራግ አልነበረውም፤ ለብቻ መግዛት ያስፈልግ ነበር። ዊንዶውስ 2000 ዲስክኪፐር ከሚባለው ፕሮግራም የተቀነሰ ቅጂ ይዞ መጣ። በአንድ ጊዜ አንድ ድራይቭ ብቻ ይሠራል፣ በቀጠሮ አይነሳም፣ ክላስተሩ (ለፋይል የሚመደበው ትንሹ የዲስክ ቁራጭ) ከ4 ኪሎባይት የበለጠ የኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ አንዱ የፋይል አደረጃጀት) ድራይቭንም አይነካም። ኤክስፒ የክላስተሩን ገደብ አነሳ። ፔጅ ፋይሉን (ራም ሲጠብ ማስታወሻ የሚሆነውን) እና የሬጅስትሪ ፋይሎችን (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) ግን ዊንዶውስ ሁሌ ከፍቶ ስለሚይዛቸው እሱም አልቻላቸውም። ለእነሱ ሲስኢንተርናልስ ያወጣው ፔጅዲፍራግ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነበር፤ ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ፣ ዊንዶውስ ሳይዛቸው በፊት ይቀድማቸዋል።

ለእኔ ከሁሉም የሚያናድደው የባዶ ቦታው ነገር ነው። መሣሪያው በወጉ እንዲሠራ ከድራይቩ 15 በመቶው ባዶ መሆን አለበት። የጥምቀት ሰሞን ፒያሳ አካባቢ ያለ ቪዲዮ ቤት አስቡ። አንድ ሰዓት የሚኒዲቪ (የዲጂታል ቪዲዮ ካሜራ) ካሴት ወደ 13 ጊጋባይት ይይዛል። ከፋሲለደስ መዋኛ ሦስት ካሴት ተቀርጾ ቢመጣ 40 ጊጋባይት ዲስክ ሞላ ማለት ነው፤ ለዲፍራግ የሚያስፈልገው 6 ጊጋባይት ከየት ይምጣ? ዲስክ በጣም የሚበታተነው ደግሞ ሲጠብብ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው ለጤነኛ ብቻ ሆነ። ድራይቩ ፋት 32 በሚባለው ሌላ የፋይል አደረጃጀት ከሆነ ደግሞ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት መሙላት ስለማይችል፣ የአንድ ሰዓቱ ካሴት ቢያንስ አራት ቦታ ይቆረጣል። ይህን የትኛውም ዲፍራግ መልሶ አይገጥመውም። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ያለቀውን ሥራ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጦ ድራይቩን ፎርማት ማድረግ ነበር። አንድ ማታ ይፈጃል እንጂ ከዲፍራግ ይሻላል።

አሁን አሮጌውን ኮምፒውተር ኤስኤስዲ (በቺፕ የሚሠራ ዲስክ) አስገብተው የሚያነቃቁ ብዙ ናቸው። ኤስኤስዲ ውስጥ የምትመላለስ ማንበቢያ የለችም፤ ዲፍራጉ ትርፉ ዲስኩን ማልፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ይህን አውቆ በቀጠሮ የሚነሳውን ዲፍራግ ይተወዋል። ኤክስፒ ግን ሁለቱን አይለይም፤ እንደ ማንኛውም ሃርድ ዲስክ ይደረድረዋል።